የልጄን ሲኒ የጠጣሁ ዕለት

ወደ አሜሪካ ስንመጣ ሻንጣችን ይመዘናል፣ ይበረበራል፣ በርበሬያችን ሳይቀር በውሻ ይሸተታል። ይሉኝታችንን ግን አንድም ፈታሽ አይቶት፣ «ይህ ምንድን ነው? ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎን አያውቅም። ቢመዘንማ ኖሮ ስንቶቻችን በትርፍ ኪሎ ምክንያት ከቦሌ ወደ ቤታችን እንመለስ ነበር።

እኔ በዲቪ የመጣሁት በሁለት ሻንጣ ነው። ሻንጣዎቹ ተቀድደው ከተጣሉ ቆዩ። ለመንገዱ ብዬ ያሰፋሁት ሱፍ ሆዴ ላይ አልቆለፍ ቢለኝ ለሰው ሰጠሁት። ይሉኝታዬ ግን አንድ ክር ሳይመዘዝበት እስከ ዛሬ አለ። የምኖረው ደግሞ የት መሰላችሁ? ላስ ቬጋስ። ሰው በጠራራ ፀሐይ በሌሊት ልብሱ ካዚኖ ገብቶ ቁማር የሚጫወትባት፣ ሙሽራ ቬሎዋን እንደለበሰች ሀምበርገር ልትገዛ የምትሰለፍባት፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ፍጡር ለመድኃኒት የማይገኝባት ከተማ ናት። እዚህች ከተማ መሃል ተቀምጬ እኔ እስከ ዛሬ ሰው የቀዳልኝን ሳልጨርስ መነሳት አልችልም።

ይሉኝታ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ይህን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማወራችሁ ይሉኝታዬ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከልጄ አፍ ምን እንደነጠቀ ነው። እየሳቃችሁ ብታነቡት አልቀየማችሁም፤ እኔም ለሰው ሳወራው እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ነው ሳቁ የሚጠፋኝ።

ልጄ ማህሌት ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሰመርሊን በሚባለው የከተማው ሰፈር አንድ ቢሮ ትሠራለች፤ እዚያው አካባቢ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። እኔ ደግሞ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት እንግዳ የማመላልስ ሾፌር ነኝ። የሥራው ስም መንዳት ይሁን እንጂ ሥራው መናገር ነው። ቲፕ ከመሪ አይመጣም፣ ከምላስ ነው የሚመጣው። «እንዴት ያለች ቆንጆ ባርኔጣ ናት! ከየት ናችሁ? ከኦሃዮ? አቤት፣ እንዴት ያለ ጥሩ አገር!» ስል እውላለሁ። ኦሃዮን ረግጫት አላውቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ምላሴ እንደ እግሬ ደክሞ ይተኛል፤ ማህሌትም አብራን ስትኖር የነበረኝን ምርጥ ምርጡን ወሬ ለተሳፋሪ አራግፌ፣ ለእሷ «በልተሻል?» የምትለዋን ብቻ ይዤላት እገባ ነበር። ይህንንም አሁን ነው የማስበው።

ይህች ልጅ ከአንድ ዓመት ወዲህ ሻይ ያዛት። በሽታ የያዛት ያህል ነው የምላችሁ። ሻይ ስል ደግሞ እኔና እናንተ የምናውቀውን፣ ስኳሩ ከሥር ተኝቶ ማንኪያ የሚጠብቀውን፣ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበትን ሻይ ማለቴ አይደለም። የእሷ ሻይ ስኳር አያውቅም። ዕድሜ አለው፣ ተራራ አለው፣ የትውልድ መንደር አለው። የሰው ልጅ ያን ያህል የዘር ሐረግ ተቆጥሮለት አያውቅም።

ይህንን ሁሉ የተማረችው ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ፣ ቻይናታውን ውስጥ ነው። ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ገባ ብሎ፣ ሻይ ብቻ የሚሸጡ ትናንሽ ሱቆች ፊት ለፊት የተደረደሩበት አንድ የተሸፈነ መተላለፊያ አለ። እኔ «ሻይ ተራ» ብዬዋለሁ። በሻይ ተራ መጨረሻ ላይ ሚስተር ሊያንግ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ማህሌት በየቅዳሜው እሳቸው ዘንድ ትቀመጣለች፣ ይቀዱላታል፣ ያስተምሯታል። ከመደርደሪያቸው አናት ላይ ደግሞ አንዲት የቆርቆሮ ዕቃ አለች። በውስጧ ያለውን ሻይ ያደረቁት የሚስተር ሊያንግ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በገዛ እጃቸው፣ እዚያው መንደራቸው። ወንድምየው ሞተዋል። የቀረው ሻይ ለአንድ ማፍያ ብቻ የሚሆን ነው።

ማህሌት ያችን ቆርቆሮ ዓመት ሙሉ በዓይኗ ስትጠጣ ኖረች። ሽማግሌው ለሽያጭ አያወጧት፣ ለሌላ ሰው አይከፍቷት። አንድ ቀን ግን ራሳቸው አንስተው፣ ይህ ሻይ ወጣት ከታላቋ ቀድማ ብቻዋን የምትጠጣው አይደለም፣ አባትሽን ይዘሽ ስትመጪ እከፍተዋለሁ አሏት። እስቲ እንዲህ ያለ ሥርዓት አሁን የት ይገኛል? ስትነግረኝ ሰውዬውን ሳላያቸው ወደድኳቸው። ወደድኳቸው እንጂ አልሄድኩም። አንዱን ቅዳሜ ሺፍት ቀየሩብኝ፣ ሌላውን ኦቨርታይም ተገኘ፣ ሌላውን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ተኛሁ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። እሷም አልተቆጣችም፤ በየሳምንቱ ሐሙስ «አባ፣ ዚስ ሳተርዴይስ?» ብላ ትደውላለች።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ መጥታ ከቤት ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለምገባ ዩኒፎርሜን ለብሼ ነው የሄድኩት። መንገድ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን ወደ እኔ ዞር ብላ፣

«አባ፣ ዛሬ ያንን ኦልድ የሆነውን ይከፍተዋል» አለችኝ።

«ይከፍቱታል በይ፤ ሽማግሌ ናቸው» አልኳት።

«ይከፍቱታል። ፕሊስ ግን ራሽ አታድርግ፣ ኦኬ? ስሎው አድርገህ ጠጣ። አብረን ቴስት እናድርገው።»

«እሺ» አልኳት። አያችሁ፣ አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም። ሰምቻለሁ፣ እሺም ብያለሁ።

መኪናዋን ፓርክ እስክታደርግ ድረስ ሁለቴ ዞርን፤ ቅዳሜ ቻይናታውን ፓርኪንግ ማግኘት ዕጣ እንደመድረስ ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ! ሐምሌ ነው፣ አስፋልቱ የጫማን ሶል ይጠባል፤ እኛ ደግሞ የፈላ ውሃ ልንጠጣ እንጣደፋለን። የቬጋስ ሰው ሁሉ በረዶ ፍለጋ በሚሮጥበት ሰዓት እሳት ፍለጋ የሚሮጡ አባትና ልጅ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ገና ሻይ ተራ ስንገባ ነው። በየሱቁ በር ላይ አንዲት ሴት ወይም አንድ ሰው ቆሞ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ሲኒ ይዘረጋል። ቅመሱና ግቡ ነው ነገሩ። ማህሌት ፈገግ ብላ «ኖ፣ ታንክ ዩ» እያለች ታልፋለች። እኔ ማለፍ እችላለሁ? የሰው እጅ ተዘርግቶ! የመጀመሪያዋ ሴትዮ የእናቴን ታናሽ ትመስላለች፤ ጠጣሁላት። የእሷን ጠጥቼ የጎረቤቷን ብተው ደግሞ ሰውዬው ምን በደለኝ? ጠጣሁለት። የፊት ለፊቱ አይቶናል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ፣ ሚስተር ሊያንግ ሱቅ ስደርስ የመተላለፊያውን ግራም ቀኝም አዳርሼ፣ አንጀቴ ውስጥ የሻይ ተራን ካርታ ይዤ ነው የገባሁት። ማህሌት ሰዓቷን አየች።

ሚስተር ሊያንግ ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ እጃቸው ግን እንደ ወጣት የማይንቀጠቀጥ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ታንሳለች፤ እንግዲህ የእኔን የምታውቁ ገምቱት። ስንገባ ከመቀመጫቸው ተነሱ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ተነስቶልኝ እንዴት ዝም እላለሁ? በአማርኛ «ኧረ በእግዚአብሔር!» ብዬ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ተቀመጥን። ሊቀዱልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ብድግ አልኩ። እሳቸው ደግሞ እንግዳ ቆሞ ባይሆንላቸው ብድግ አሉ። እኔ ስቀመጥ ተቀመጡ፤ ደግመው ሊቀዱልኝ ሲሉ እንደገና ብድግ አልን። ማህሌት በመሃላችን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስታየን ቆይታ፣ «አባ፣ ፕሊስ ሲት ዳውን» አለችኝ በጥርሷ።

ከዚያ ደግሞ ምን አየሁ? ሽማግሌው ለእሷ ሲቀዱላት ልጄ በሁለት ጣቷ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ታደርጋለች። ደሜ ፈላ። አስተናጋጅ በጭብጨባ ሲጠራ ያየ ሰው ነኝ፤ እሱን ራሱ አልወደውም። ሽማግሌ በጠረጴዛ ኳኳታ ሲጠራ ግን ሰምቼም አላውቅ። ዝቅ ባለች አማርኛ፣ ይህን ነው እንዴ ያስተማርኩሽ አልኳት። ለካ በእነሱ ዘንድ «አመሰግናለሁ» ማለት ኖሯል። ይህንን ስታስረዳኝ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። የልጅ ምስጋና አይቼ የተቆጣሁ አባት መሆኔ ነው እንግዲህ።

ወደ መጀመሪያው ሲኒ ልመልሳችሁና ዕቃዎቹን ልንገራችሁ። ከሥር ውሃ የሚያጠልል የእንጨት ትሪ አለ። ሎሚ የምታህል የሸክላ ማንቆርቆሪያ አለች። ሦስት ትናንሽ ሲኒዎች አሉ። ሽማግሌው ቅጠሉን ጨምረው የፈላ ውሃ አፈሰሱበት፣ ወዲያው ደግሞ በሦስቱ ሲኒዎች ላይ ቀዱት። እኔ ምን ላውቅ? ተቀበልኩና በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ከዚያም የሾፌር ምላሴ ተፈታ። መዓዛውን አመሰገንኩ፣ ልስላሴውን አመሰገንኩ፣ ጉሮሮ ላይ ሲያልፍ የሚተወውን ነገር ስም ሳላገኝለት አመሰገንኩ፤ ይህን የመሰለ ሻይ በዕድሜዬ አልቀመስኩም አልኩ። ቆርቆሮዋ የተከፈተች መስሎኝ ለካ ምርጥ ቃሎቼን ሁሉ እዚያ ላይ ጨርሻለሁ። ማህሌት ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌው የቀሩትን ሁለት ሲኒዎች አንስተው ትሪው ላይ ደፏቸው። የጠጣሁት እጣቢ ነበር፤ ሲኒ ማሞቂያና ቅጠል ማጠቢያ።

ከዚያ እውነተኛው ተጀመረ። የሳር ሽታ ያለው አረንጓዴ፣ ከዚያ አበባ አበባ የሚል፣ ከዚያ ጭስ የጠጣ ጥቁር። ማህሌት ትንሽ ፉት ትላለች፣ አፏ ውስጥ ታንከባልለዋለች፣ መስኮት መስኮት እያየች ታስባለች። እኔ ጨልጣለሁ። ሲኒዬ ባዶ ሆና ጠረጴዛ ሳትነካ ትሞላለች። ትሞላለች፣ እጨልጣለሁ። እኚህ ሰው ምን ነካቸው እያልኩ ሳለ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባ፣ ኢምፕቲ ሲሆን ሪፊል ያደርጋሉ። ዳን ከሆንክ ፉል አድርገህ ተወው፤ ኢን ዜር ካልቸር በቃኝ ማለት ነው።»

አሁን ፍረዱ። ሽማግሌ በእጁ የቀዳውን፣ ሙሉውን፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ፊቱ ላይ ትቶ ቁጭ ማለት! ባደግሁበት ሰፈር እንዲህ ያደረገ ሰው፣ ወይ መርዝ ጠርጥሯል ወይ ሊጣላ መጥቷል። የነገረችኝን በደንብ ገብቶኛል። ራሴን ዝም በል አልኩት። እጄ ግን ራሴን አይሰማም። ሲኒዋ ስትሞላ ይሄድና ያነሳታል። እሳቸውም እኔን እያዩ ፊታቸው ይፈካል፤ ይህ ሰው ጠጪ ነው፣ የገባው ነው እያሉ መሆን አለበት። ከታችኛው መደርደሪያ ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ላይኛው እያለፍን ሄድን። እኔ ይበቃቸዋል ብዬ እጠጣለሁ፣ እሳቸው አልበቃውም ብለው ይቀዳሉ። ሁለት ጨዋ ሰዎች እንዲህ ተያይዘን ልንሞት ነበር።

ይህ ሁሉ ሻይ ደግሞ የሚሄድበት አለው። ውሃ ሽንቴ ወጥሮ ያዘኝ። «መጸዳጃ ቤት የት ነው?» የምትል ጥያቄ ከአራት ቃል አትበልጥም። ነገር ግን ሰው እየቀዳላችሁ፣ እንዲህ ከልቡ እያስተናገዳችሁ፣ ተነስታችሁ ወደዚያ ልትሄዱ ነው? የቀዳልኝን ልደፋ ነው የምሄደው እንደማለት ሆኖ ታየኝ። እግሬን አጣምሬ ተቀመጥኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ።

በዚህ መሃል የማህሌት ስልክ ጠራ። ከቢሮ ነው። ቅዳሜም አይተዉአት። ሁለት ጊዜ ዘጋችው፣ ሦስተኛውን ማንሳት ግድ ሆነባት። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቃ፣ ለእኔ «ቱ ሚኒትስ፣ አባ» ብላኝ በጓሮ በር ወደ ፓርኪንጉ ወጣች። በመስኮቱ መስታወት ትታየኛለች። በዚያ ሐሩር አንድ እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ፣ በአንድ እጇ ስልኩን ይዛ ወዲያና ወዲህ ትላለች። የቢሮ ሁለት ደቂቃ እንደምታውቁት አያልቅም።

ሚስተር ሊያንግ እጃቸውን በፎጣ አደረቁ። ከዚያ ወንበር ስበው ወጡበት። ወንበሩ ወዝወዝ ሲል ዘልዬ ደገፍኩላቸው። ከመደርደሪያው አናት ላይ ቆርቆሮዋን በሁለት እጃቸው አወረዷት። ምን እንደሆነች ያወቅሁት በኋላ ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። እጃቸውን ሳይ ወዲያው አውቄያለሁ። ወንበሩንም የያዝኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። በዚያች በትንሿ እንግሊዝኛቸው፣ «ልጅህስ? እንጠብቃት?» አሉኝ።

ጥያቄው ግልጽ ነው፤ መልሱም «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ምን አልኩ? «ኖ፣ ኖ፣ ኖ ፕሮብሌም። ልጅ ናት፣ ትደርሳለች» አልኩ። ስለ እኔ ብለው እንዳይቸገሩ ነው እኮ! ውሃው ፈልቷል፣ ሰውዬው ሽማግሌ ናቸው፣ በገዛ ቤታቸው ይቆዩ ልበላቸው? ደግሞስ እኛ ዘንድ ለልጅ ተብሎ ትልቅ ሰው ሲጠብቅ መች አይተን እናውቃለን? ቶሎ ካላለቀ ደግሞ እኔ በዩኒፎርሜ ልዋረድ ነው። ሰበብ አልጎደለኝም፣ ሁሉም እዚያው ተሰልፎ ነበር። መስታወቱን በጣቴ ኳ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ የገባው ቅጠል አይደለም፣ የተሰባበረ ጥቁር ነገር ነው። ሦስት ሲኒ ቀዱ፤ የእሳቸው፣ የእኔ፣ የማህሌት። ሽማግሌው የራሳቸውን አንስተው አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያ ፉት አሉ። እኔ በልማዴ ጨለጥኩት። የእሷ ሲኒ ግን ሙሉ እንደሆነች ፊታችን ተቀምጣለች። እንፋሎቷ እየቀነሰ ሄደ። አየኋት። ሽማግሌውም አዩዋት። ሰውዬው የሞተ ወንድማቸውን ሻይ ቀድተው፣ የእኔ ልጅ ትታው ወጥታ ሲቀዘቅዝ! ምን ይሉናል? እንዴት ያለ አስተዳደግ ነው አይሉም? ለልጄ አፈርኩላት። የቤተሰቤን ስም ላድን ብዬ ሲኒዋን አነሳሁና ጠጣሁላት።

ሽማግሌው ቅንድባቸው ተነሳ። ከዚያ ቀስ ብለው ፈገግ አሉ፤ እንዲህ ያለ ጠጪ አይቼ አላውቅም በሚል ዓይነት። ሁለት ባዶ ሲኒ ስላዩ ሁለቱንም ሞሉ። የእኔን ጠጣሁ። የእሷን ጠብቄ፣ በሩን አይቼ፣ እንፋሎቷ ሲቀንስ እሷንም ጠጣሁ። ሦስተኛው ውሃ ላይ ቀለሙ ሳስቶ የገለባ ውሃ መሰለ። እሱንም በሁለት ሲኒ አወራረድኩት። ሚስተር ሊያንግ የማንቆርቆሪያዋን ክዳን ከፍተው የተረፈውን አተላ ወደ አንዲት ትንሽ ሳህን ገለበጡት፣ በጣታቸው ጫፍም ነካ ነካ አደረጉት። ያን ጊዜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ለምን እንደምጠይቅ ቢገባቸው ግን ደስታቸውን ላበላሽባቸው ነው ብዬ እሱንም በይሉኝታ ተውኩት።

ማህሌት ገባች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል፣ «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለች ተቀመጠች። ቆርቆሮዋን አየች። ክዳኗ ተከፍቷል። አጎንብሳ ውስጧን አየች። ከዚያ ሲኒዋን አየች። ሽማግሌው ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ አባትሽ እንደ ወንድሜ ነው የሚጠጣው፣ ጠብታ አያስቀርም፣ የአንቺንም ሳይቀር ጠጣልሽ፣ ይህ ሻይ ለካ እሱን ሲጠብቅ ነው የኖረው፣ ስላመጣሽው አመሰግናለሁ አሏት።

ልጄ ወደ እኔ አልዞረችም። በሁለት ጣቷ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አድርጋ አመሰገነቻቸው። ከዚያ ባዶ ሲኒዋን አንስታ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አሸተተችው፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ያንን ማየት ስላልቻልኩ ብድግ ብዬ በመጨረሻ ያችን ጥያቄ ጠየቅሁ። መጸዳጃ ቤቱ ከጀርባዬ ነበር፣ ሁለት እርምጃ።

ተሰናብተን ወደ መኪናዋ ተመለስን። ብትቆጣኝ በወደድኩ። እናቷ ብትሆን ኖሮ ገና ፓርኪንጉ ሳንወጣ የዘር ማንዘሬን ይሉኝታ ትዘረዝርልኝ ነበር፤ እኔም እመልስላት ነበር፣ ተነጋግረን ይወጣልን ነበር። ይህችኛዋ ግን ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ መንገዱን ብቻ ታያለች። እኔ በሆዴ ሰበብ አዘጋጃለሁ። በመስኮት ጠርቼሽ አልሰማሽኝም ልበላት? ውሃው ይበርዳል አሉኝ ልበላት? በስተመጨረሻ «ማሂዬ፣ አጠፋሁ» አልኳት። ለልጄ ይህችን ቃል ብያት አላውቅም ነበር።

«ኢትስ ኦኬ፣ አባ» አለችኝ።

ቀይ መብራት ያዘን። ማህሌት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ የለም። ያለው ጉጉት ነው፣ ልጅ ሳለች ከሥራ ስመለስ በር ላይ የምትጠብቀኝ ዓይነት።

«እንዴት ነበር ግን? ቴስቱ ማለቴ ነው። ንገረኝ፤ እኔ የጠጣሁት እንዲመስለኝ ዲስክራይብ አድርግልኝ።»

ከሽማግሌው በቀር ያ ሻይ ምን ምን እንደሚል ሊነግራት የሚችል በዚህች ምድር ላይ ያለው ሰው እኔ ነኝ። ስድስት ሲኒ ጠጥቼዋለሁ። አላየኋትም፣ አላውቃትም ሳልል ኦሃዮን ያወደስኩ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴን ወደ ኋላ ልኬ ጥግ ጥጉን አስፈተሽኩት፤ ማር ነበር? እንጨት ነበር? አፈር ነበር? ልዋሻት እችል ነበር፤ ግን ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የተማረች ልጅ ናት፣ አንዷን ውሸት ለይታ ታውቃለች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ ነፋ። ልጄ አልነዳችም፤ አፌን እያየች ትጠብቃለች።

«ትኩስ ነበር» አልኳት።